የብሪታንያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በድንጋይ ነው ወይስ በጦርነት?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ መንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ስንጎበኝ የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር አየን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተከራከሩ፣ ከዚያ በፊትም በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት የታሰሩ ሴት መሆናቸውን ነገርኳቸው። ክፍል ስንመለስ ክርክር ተነሣ። ግማሾቹ መብቱ የተገኘው መስኮት በመስበርና በረሃብ አድማ ነው ይላሉ። የቀሩት ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሠሩት ሥራ መንግሥት የሰጣቸው ሽልማት ነው ባዮች ናቸው። ትክክሉ የትኛው ነው? ሲልቪያስ ከእናታቸው ጋር የተለያዩት በምን ምክንያት ነው? በእኛ አገር የሴቶች የመምረጥ መብት ላይስ እጃቸው አለበት?

ምላሽ፦ ከተማሪዎችዎ ሁለተኛው ወገን በግልጽ ተሳስቷል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከታሪኩ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። የእኔ መልስ ለክፍል ክርክር ብዙም የሚያሞቅ አይደለም። መብቱ የተገኘው የመራጮች መዝገብ ከጥቅም ውጭ በመሆኑ በተጠራ ስብሰባ፣ በአንድ ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል የሴቶች ጉዳይ ተዘልሎ ሊታለፍ ያልቻለው ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ የምክር ቤት አባላትን በር ሲያንኳኩና ስማቸው በጋዜጣ ሳይወጣ ሲሠሩ በኖሩ ሴቶች ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሽልማት ነው» የሚለውን ለማፍረስ ሕጉን ማንበብ ይበቃል። የ1918ቱ ሕግ ድምፅ የሰጠው 30 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ነው፤ ያውም ራሳቸው ወይም ባሎቻቸው ለአካባቢ ምርጫ የሚያበቃ ቤት ወይም መሬት ከያዙ፣ አለዚያም የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከሆኑ ነው። የጥይት ፋብሪካዎቹን የሞሉት እነማን ነበሩ? በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ፣ የሚያድሩበት ክፍል እንኳ በስማቸው ያልተመዘገበ ልጃገረዶች ነበሩ። ፈንጂ ሲሞሉ ኬሚካሉ ቆዳቸውን ቢጫ ስለሚያደርገው ሰዉ ካናሪ በተባለችው ቢጫ ወፍ ስም ይጠራቸው ነበር። እነዚህ ልጆች በታኅሣሥ 1918 በተካሄደው ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም። መንግሥት ሸላሚ ከነበረ፣ ሽልማቱን ያስረከበው ለተሸላሚዋ ሳይሆን ለእናቷ ነው ማለት ነው።

ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ፈረንሳይንም ይጨምሩላቸው። የፈረንሳይ ሴቶች በዚያው ጦርነት እርሻውንም ፋብሪካውንም ይዘው ቆይተዋል። የታችኛው ምክር ቤት በ1919 መብቱን ደገፈ፤ ሴኔቱ በ1922 ውድቅ አደረገው፤ እነሱም እስከ 1944 ጠበቁ። ኒውዚላንድ ደግሞ ምንም ጦርነት ሳይኖርባት በ1893 ሰጠች። በዚያ ኬት ሼፐርድና ባልደረቦቻቸው ወደ 32,000 የሚጠጉ የሴቶች ፊርማዎችን አሰባስበው ነበር፤ ወረቀቱ እየተጣበቀ አንድ ረጅም ጥቅል ስለሆነ የወከላቸው የምክር ቤት አባል በጉባኤው ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት። ጦርነት ብቻውን መብት የሚያወልድ ቢሆን ፈረንሳይ ከኒውዚላንድ በቀደመች ነበር።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ልንገርዎ፤ ያለ እሱ የሲልቪያና የእናታቸው ጠብ አይገባም። በብሪታንያ ከ1918 በፊት ድምፅ የቤትና የንብረት ጉዳይ ነበር። ከአዋቂ ወንዶች መካከል መምረጥ የሚችሉት ወደ 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በሰው ቤት የሚያድር አገልጋይ፣ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ጎልማሳ፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሠራተኛ ወንድ ቢሆንም አይመርጥም። ስለዚህ «ለሴቶች ወንዶች ባሉበት ሁኔታ ይሰጥ» የሚለው ጥያቄ ሲመነዘር ቤት ላላቸውና ለባለንብረት ሴቶች ይሰጥ ማለት ነበር። ሊበራሎች እነዚህ ሴቶች ለወግ አጥባቂዎቹ ይመርጣሉ ብለው ፈሩ። ከሌበር ፓርቲ ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ለሀብታም ሚስት ከመስጠት በፊት ለድሃው ወንድ ይሰጥ አሉ። ወግ አጥባቂዎቹ ከመሪዎቻቸው አንዳንዶቹ ቢደግፉም ተራው አባል አልፈለገም። ጉዳዩ በየፓርቲው ወዳጅ ነበረው፤ እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚወስደው ፓርቲ ግን አልነበረም።

ትግሉ ከፓንክረስት ቤተሰብ ብዙ ይቀድማል። በ1866 ወደ 1,500 የሚጠጉ ሴቶች የፈረሙበትን አቤቱታ ኤሚሊ ዴቪስና ኤልዛቤት ጋሬት ወደ ምክር ቤቱ፣ ወደ ዌስትሚንስተር ወሰዱት። ጥቅሉ ትልቅ ስለነበረና ሰዉ ሲያያቸው ስላፈሩ የምክር ቤት አባሉ ጆን ስቱዋርት ሚል እስኪመጡ ድረስ በአንዲት የፖም ሻጭ ጠረጴዛ ሥር ደበቁት። ሚል በቀጣዩ ዓመት በምርጫ ሕጉ ውስጥ «ወንድ» የሚለው «ሰው» በሚለው እንዲተካ ጠይቀው 73 ድምፅ አገኙ፤ የተቃወሙት 196 ነበሩ። ለመጀመሪያ ሙከራ መጥፎ አይደለም። የኤልዛቤት ታናሽ እኅት ሚሊሰንት ፎሴት አቤቱታው ሲቀርብ ገና 19 ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ጉዳዩን እስከ እርጅናቸው ይዘውት ዘለቁ። በ1897 የየከተማው ማኅበራት በአንድ ብሔራዊ ኅብረት ሥር ሲሰባሰቡ ዋናዋ ሰው እሳቸው ሆኑ። ፎሴት ንግግራቸው እንደ ሒሳብ መዝገብ የተስተካከለ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ስለነበሩ ለፊልም አይመቹም። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የማደንቀውን ሰው ምረጥ ብባል የምመርጠው እሳቸውን ነው።

የሰላማዊው ጎራ የወይዛዝርት ስብስብ ብቻ ነበር የሚባለውም ልክ አይደለም። በ1901 የላንካሸር የጥጥ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ወደ 30,000 የሚጠጋ ፊርማ ይዘው ለንደን ገብተዋል። ፊርማው የተሰበሰበው በፋብሪካው በርና በየሠራተኛው ቤት ደጃፍ ነው።

መንግሥት ግን አቤቱታ መቀበልና መሳቢያ ውስጥ መክተት ለምዶ ነበር። ኤመሊን ፓንክረስት በጥቅምት 1903 በማንቸስተር ቤታቸው «የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት»ን ሲያቋቁሙ መፈክራቸው «ቃል ሳይሆን ተግባር» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ትልቋ ልጃቸው ክሪስታቤልና የፋብሪካ ሠራተኛዋ አኒ ኬኒ በአንድ የሊበራል ስብሰባ ላይ ገብተው ለሴቶች ድምፅ ትሰጣላችሁን ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም፤ ተጎትተው ወጡ። ቅጣቱን በገንዘብ ከመክፈል እስራትን መረጡ፤ በማግሥቱ አርባ ዓመት ያልተወራለት ጉዳይ የጋዜጣ ዜና ሆነ። በሰኔ 1908 በሃይድ ፓርክ በጠሩት ሰልፍ ላይ የተገኘው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይገመት ነበር፤ ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለማቸውም በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሌላ ማኅበር የመጡት ሙሪየል ማተርስ ሴቶች ጉባኤውን እንዲመለከቱ ከተከለሉበት የብረት ፍርግርግ ጋር ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ፤ ዘበኞቹ ሰንሰለቱን መፍታት ቢያቅታቸው ሴትዮዋን ከነፍርግርጉ ነቅለው አወጡ። በ1911 የሕዝብ ቆጠራ ሌሊት ደግሞ ኤሚሊ ዳቪሰን መኖሪያ አድራሻቸው ምክር ቤቱ ተብሎ እንዲመዘገብ በሕንፃው ውስጥ ባለ ጸሎት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀው አደሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኤፕሰም የፈረስ ውድድር የንጉሡ ፈረስ ጥሏቸው የሞቱት እኒሁ ሴት ናቸው።

የረሃብ አድማው የተጀመረው በሐምሌ 1909 ነው። ማሪዮን ዋላስ ዳንሎፕ የፖለቲካ እስረኛ ተብዬ ልታሰር ብለው ምግብ አልበላም አሉ፤ ከ91 ሰዓት በኋላ ተፈቱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። መንግሥት በመስከረም በጎማ ቱቦ በግድ መመገብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ አንድ ታሪክ ብቻ መንገር ቢኖርብዎት የሌዲ ኮንስታንስ ሊተንን ይንገሯቸው። አባታቸው በሕንድ የንግሥቲቱ እንደራሴ የነበሩ መኳንንት ናቸው። በ1909 በኒውካስል ታስረው ምግብ አልበላም ሲሉ ሐኪሙ ልባቸውን መረመረና ደካማ ነው ብሎ አስፈታቸው። አብረዋቸው የታሰሩ ስመ ጥር ያልሆኑ ሴቶች ግን ቱቦው አልቀረላቸውም። ሊተን ልባቸው ነው ወይስ ማዕረጋቸው ያስፈታቸው? ይህን ለማወቅ በጥር 1910 ጸጉራቸውን ቆርጠው፣ ርካሽ ካፖርትና መነጽር ገዝተው፣ ጄን ዋርተን የምትባል ልብስ ሰፊ ነኝ ብለው በሊቨርፑል ታሰሩ። ልባቸውን በቅጡ የመረመረ ሰው አልነበረም። ስምንት ጊዜ በግድ ተመገቡ፤ በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ ጉንጫቸውን በጥፊ መታ። ማንነታቸው ሲታወቅ ወዲያው ተፈቱ። በ1912 ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ የእስር ቤት ታሪካቸውን የጻፉት በግራ እጃቸው ነው። የዚህች ሴት ድርጊት የሚጋፋው የወንዱን መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ለእመቤት አንድ፣ ለልብስ ሰፊ ሌላ ሕግ ያለውን አገር ሁሉ ነው። የሊተን ወንድም ሎርድ ሊተንም ከየፓርቲው የተውጣጣና ሁሉንም የሚያስማማ የሴቶች ምርጫ ረቂቅ ለማውጣት የተቋቋመ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ።

በዚህ ኮሚቴ ረቂቅ ላይ ነው ከመጀመሪያው ወገን ተማሪዎችዎ ጋር የምለያየው። ረቂቁ በ1910 በታችኛው ምክር ቤት በ299 ለ189፣ በ1911 በ255 ለ88 ድምፅ ተደገፈ፤ ይሁን እንጂ መንግሥት ጊዜ እየነፈገ አዘገየው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኩዊት ጉዳዩን አይወዱትም ነበር፤ እስከ 1916 መጨረሻም ሥልጣን ላይ ቆዩ። የኤመሊን ፓንክረስት ሰዎች ተቆጡ፤ በመጋቢት 1912 መጀመሪያ በለንደን ትላልቅ የገበያ ጎዳናዎች መስኮቶችን አረገፉ። በዚያው ወር መጨረሻ ረቂቁ እንደገና ሲቀርብ 208 ለ222 በሆነ ድምፅ፣ በ14 ልዩነት ብቻ ወደቀ። መስኮቱ ብቻ ነው የጣለው ብል ግን እዋሻለሁ። የአየርላንድ ብሔርተኞች ለአገራቸው የራስ አስተዳደር የቆመውን መንግሥት እንዳያናጉ ብለው ተቃወሙ፤ ከሌበር አባላትም አንዳንዶቹ በከሰል ቆፋሪዎች አድማ ምክንያት አልነበሩም። ነገር ግን ለመቃወም ሰበብ ለሚፈልግ የምክር ቤት አባል የተሰበረ መስኮት ከበቂ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ፤ የፖስታ ሣጥን ማቃጠል፣ ባዶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን መለኮስ፣ የሚኒስትሩን የሎይድ ጆርጅን በግንባታ ላይ ያለ ቤት በፈንጂ ማፍረስ። መንግሥትም በ1913 የተዳከመውን ረሃብተኛ ፈትቶ ሲያገግም መልሶ የሚያስር ሕግ አወጣ። ሰዉ ሕጉን «ድመትና አይጥ» አለው።

ታዲያ ተፋላሚዎቹ ምን አተረፉ? እስከ 1911 ድረስ ብዙ። ጉዳዩን ከመሳቢያ አውጥተው በየእራት ገበታው ላይ አስቀመጡት፤ የሰላማዊው ኅብረት አባላት ቁጥር እንኳ በፍጥነት ያደገው እነሱ ከተነሡ በኋላ ነው። ከ1912 ወዲህ ግን ወጪው ከገቢው በለጠ ባይ ነኝ፤ በዚህ ፍርድ የማይስማሙ ጥሩ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳሉም ይንገሯቸው።

በዚያው በ1912 ጋዜጣው ብዙም ያላየው ነገር ተከናወነ። ሌበር ፓርቲ ሴቶችን ያላካተተ ማንኛውንም የምርጫ ሕግ እንደማይደግፍ ወሰነ። ፎሴትና ባልደረቦቻቸው፣ አብዛኞቹ ከሊበራል ቤት የወጡ ሴቶች፣ ከሌበር ጋር ቃል ተጋብተው ለዕጩዎቹ ገንዘብ ማሰባሰብና በየማሟያ ምርጫው ቅስቀሳ ማድረግ ጀመሩ። በሰኔና በሐምሌ 1913 አባሎቻቸው ከአገሪቱ ዳር ዳር ተነሥተው በእግር እስከ ለንደን ተጓዙ፤ በየመንደሩ ሲያልፉ እኛ መስኮት ሰባሪዎች አይደለንም ብሎ ማስረዳት ነበረባቸው፤ አንዳንድ ቦታ ድንጋይ የተወረወረው በእነሱ ላይ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ኅብረቱ በመላ አገሪቱ ወደ 500 የሚጠጉ ቅርንጫፎችና ከ50,000 በላይ አባላት ነበሩት።

አሁን ወደ ጦርነቱ። ጦርነቱ በእርግጥ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ግን ተማሪዎችዎ ባሰቡት በኩል አይደለም። በአሮጌው ሕግ ወንድ መራጭ በመዝገብ ለመግባት አንድ ዓመት በአንድ ቤት መኖር አለበት። በ1916 ሚሊዮኖች በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ነበሩ፤ ሌሎች ወደ ጥይት ፋብሪካ ከተሞች ፈልሰዋል። በነበረው መዝገብ ምርጫ ቢጠራ ለአገሩ የሚዋጋው ወታደር አይመርጥም። ይህን ማንም ፖለቲከኛ ሊሸከመው አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ መከፈት ነበረበት። ሕጉ አንዴ ከተከፈተ ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። የፎሴት ኅብረት ለወታደሮቹ ብቻ መዝገቡን ማስተካከል ከሆነ አንቃወምም፤ የመራጩን መሠረት መለወጥ ከሆነ ግን ያለ እኛ አይሆንም ብሎ ለመንግሥት ጻፈ።

ነገሩ በጥቅምት 1916 በአፈ ጉባኤው በጄምስ ላውዘር ሰብሳቢነት ለተቋቋመ የሁለቱ ምክር ቤቶች ጉባኤ ተመራ። አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችበትም። ላውዘር በ1913 መጀመሪያ የሴቶችን መብት በአንድ የምርጫ ረቂቅ ላይ መጨመር አይቻልም ብለው ረቂቁ እንዲነሣ ምክንያት የሆኑ ሰው ናቸው፤ እኒያው ሰው አሁን በሩን የሚከፍተውን ሰነድ አዘጋጁ። በታኅሣሥ አስኩዊት ወርደው ሎይድ ጆርጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ አስኩዊትም ራሳቸው በቀጣዩ መጋቢት ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በምክር ቤት ተናገሩ። ካቢኔው ከሦስቱም ፓርቲዎች የተውጣጣ ስለነበር አንዱ ፓርቲ በሌላው ላይ ጥቅም ያገኛል የሚለው የቆየ ፍርሃት ላላ። ሰላም ሲመጣ የረሃብ አድማውና ቱቦው ይመለስ ይሆን የሚለው ሥጋትም በሚኒስትሮቹ አእምሮ ውስጥ ነበር፤ የተፋላሚዎቹ ድርሻ እዚህ ጋር በድጋሚ ይቆጠርላቸዋል።

ሰኔ 19 ቀን 1917 የሴቶች አንቀጽ በታችኛው ምክር ቤት በ385 ለ55 አለፈ። ከአምስት ዓመት በፊት በ14 ድምፅ የወደቀ ጉዳይ ነው። መኳንንቱ በሚቀመጡበት በላይኛው፣ በሎርዶች ምክር ቤት ሁሉም የፈራው ሎርድ ከርዘንን ነበር፤ የሎርዶቹም፣ የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚቃወመው ማኅበርም መሪ እሳቸው ነበሩና። በጥር 1918 ተነሥተው ሐሳቡን እንደሚጠሉት ከገለጹ በኋላ፣ ከሕዝብ ከተመረጠው ምክር ቤት ጋር መጋጨት አያዋጣም ብለው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የተቃዋሚው ማኅበር ሴቶች ደነገጡ። 134 ለ71 አለፈ፤ የካቲት 6 ንጉሡ ፈረሙበት። ወደ 8.4 ሚሊዮን ሴቶች መራጭ ሆኑ፤ ወንዶች ደግሞ 21 ዓመት ከሞላቸው ያለ ንብረት መለኪያ ገቡ።

ለምን 30? ምክንያቱ ብስለት አይደለም፤ ስሌት ነው። ከጦርነቱ በፊትም በብሪታንያ የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይበልጥ ነበር፤ ጦርነቱ ደግሞ ወንዶችን እየበላ ነበር። እኩል ዕድሜ ቢደረግ ከመራጩ አብዛኛው ሴት ይሆናል። ጉባኤው 30 ወይም 35 ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በ30 ረጋ። ፎሴት ይህን ተቀበሉ፤ ፍጹም የሆነ ረቂቅ ከሚወድቅ ጎዶሎው ያልፋል ብለው ቆረጡ። በ1928 ዕድሜው 21 ሲሆን እሳቸው በሕይወት ነበሩ፤ ኤመሊን ፓንክረስት ግን ሕጉ ሊጸድቅ ሳምንታት ሲቀሩት ዐርፈዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱን ከዚሁ ያገኛል። ሲልቪያ በ1882 ማንቸስተር ተወለዱ፤ ሠዓሊ ነበሩ፤ ከሆሎዌይ እስር ቤት ለሚወጡ ሴቶች የሚሰጠውን ጌጥ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ኤመሊንና ክሪስታቤል ገንዘብና ስም ያላቸውን ሴቶች ማሰለፍ ሲመርጡ፣ ሲልቪያ ከ1912 ጀምሮ በምሥራቅ ለንደን የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ገብተው የድሆች ሴቶችን ማኅበር አደራጁ። ማኅበሩ ወንዶችንም ይቀበል ነበር፤ ከሠራተኛው ንቅናቄ ጋርም ይሠራ ነበር። በኅዳር 1913 በአልበርት አዳራሽ ከአየርላንዳዊው የሠራተኞች መሪ ከጄምስ ኮኖሊ ጋር በአንድ መድረክ ሲናገሩ ክሪስታቤል ትዕግሥታቸው አለቀ። ክሪስታቤል በ1912 ወደ ፓሪስ ሸሽተው ከዚያ ሆነው ነበር ኅብረቱን የሚመሩት። በጥር 1914 እኅታቸውን ወደዚያ ጠርተው አሰናበቷቸው፤ እናት ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

በሰኔ 1914 ሲልቪያ ከእስር ወጥተው፣ በረሃብ የተዳከሙ ሳሉ፣ በምክር ቤቱ በር ላይ ተኝተው አስኩዊት የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን እስኪቀበሉ አልነሣም አሉ። ስድስት ሠራተኛ ሴቶች ገብተው ስለ ደመወዛቸውና ስለ ቤት ኪራያቸው ነገሯቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰጡት መልስ ከቀድሞው ለዘብ ያለ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ እናትና ትልቋ ልጅ ትግሉን አቁመው የምልመላ ሰባኪ ሆኑ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወሙ፤ በሰፈሩ ርካሽ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ አንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት መዋያ አደረጉት። በ1916 የማኅበራቸውን ስም ቀይረው ለአዋቂ ሰው ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ያለ ንብረት መለኪያ ድምፅ ይሰጥ አሉ። የ1918ቱን ሕግ ከዚህ ሚዛን ካዩት ፎሴት ያሸነፉትን ያህል ሲልቪያ ተሸንፈዋል። ኤመሊን በመጨረሻ የወግ አጥባቂ ፓርቲ ዕጩ ሆኑ፤ ክሪስታቤል አሜሪካ ገብተው የክርስቶስን ዳግም ምጽአት ሰበኩ፤ ሲልቪያ ሞስኮ ድረስ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ። ከአንድ ቤት የወጡ ሰዎች እንዲህ ሲበታተኑ ብዙ አላየሁም።

ወደ እኛ ልመለስ። ጣሊያን በወረረችን ጊዜ ሲልቪያ ያመጡት የመምረጥ መብት ትግል ያስተማራቸውን የእጅ ሙያ ነው፤ የራስ ጋዜጣ ማተም፣ አዳራሽ ተከራይቶ ስብሰባ መጥራት፣ ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ደብዳቤ መጻፍ፣ ሚኒስትሩ እስኪሰለች ድረስ በሩን ማንኳኳት። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም ቀን ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ለሃያ ዓመት አሳተሙት። በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መጥተው አዲስ አበባ ኖሩ፤ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት መሠረቱ፤ በመስከረም 1960 ዐርፈው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተቀበሩ።

የእኛን ሴቶች የመምረጥ መብት ግን እሳቸው አላመጡትም፤ ተማሪዎችዎ ይህን እንዲያምኑ አይተዉአቸው። መብቱ የመጣው በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ 21 ዓመት ለሞላው ወንድም ሴትም ድምፅ ሰጠ። ከላይ ወደ ታች የወረደ መብት ነው፤ ፓርቲ አልነበረም፣ ለዕጩነትም ንብረት ይጠየቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ እንደ አውሮፓውያን በ1957 በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘምተዋል፣ ጣሊያን አሲናራ ደሴት አስሯቸዋል፣ ሲመለሱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ትግሉ የት ነበር ብለው ከጠየቁ መልሱ የሚገኘው በእሳቸው ሕይወት ውስጥ እንጂ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ውስጥ አይደለም። ወይዘሮ ስንዱ የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። እሳቸው ምክር ቤት ከገቡ ከሁለት ዓመት በኋላ የስዊዘርላንድ ወንዶች በሕዝበ ውሳኔ ለሴቶቻቸው ድምፅ አንሰጥም አሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተቃወሙ። የስዊዝ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ለመሳተፍ እስከ 1971 መጠበቅ ነበረባቸው።